ኤርምያስ፦ ከሳሽ ወይስ ምስክር?

ነቢይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጢሙን ያንዠረገገ፣ ጣቱን በሕዝብ ላይ የቀሰረ፣ ከሰማይ እሳት የሚጠራ ሽማግሌ ነው። በስብከቱም፣ በግጥሙም፣ በተማሪ ቲያትሩም ነቢዩ ከአገሩ ሰው ርቆ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ይፈርዳል። መዓቱ ሲወርድ ደግሞ «ብዬ አልነበረም?» ይላል። ትንቢተ ኤርምያስን እንደ ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ግን ይህን ሥዕል መጣል ያለበት ይመስለኛል። ኤርምያስ በሕዝቡ ላይ የሚመሰክረው ከሕዝቡ መካከል ሆኖ ነው፤ ፍርዱም ሲመጣ በእሱም ላይ ይደርሳል። የምስክርነቱን ታማኝነት መለካት ያለብን በዚህ ነው።

በመጀመሪያ ክሱ ምን እንደ ነበር እንይ። ኤርምያስ ለኢየሩሳሌም ቅርብ ከሆነችው ከዓናቶት፣ ከካህናት ወገን ነው። ከንጉሥ ኢዮስያስ 13ኛ ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ627 ገደማ ጀምሮ፣ ከተማይቱ በባቢሎን እጅ እስከ ወደቀችበት እስከ 587 ወይም 586 ድረስ፣ 40 ዓመት ያህል ተናገረ። ክሱ እንዲያው በደፈናው «ኃጢአት በዛ» የሚል አልነበረም። በምዕራፍ 22 ንጉሥ ኢዮአቄምን ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ እያሠራ ሰፊ ቤት አቆመ ብሎ ይወቅሰዋል። ምዕራፍ 34 ላይ ያለውማ ይብሳል። ባቢሎናውያን ከተማይቱን ሲከቡ ጌቶቹ ደንግጠው ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን ነጻ ያወጣሉ፤ የግብፅ ጦር ተነሥቶ ከበባው ላላ ሲል ግን መልሰው ይይዟቸዋል። እንግዲህ በአገር ላይ የመጣው ፍርድ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር አይደለም፤ በዳይም ተበዳይም አለው።

እስከዚህ ድረስ ኤርምያስ ከሳሽ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። ነገሩ የሚለወጠው ምዕራፍ 28 ላይ ስንደርስ ነው። በ597 ንጉሡ ኢኮንያንና ብዙ ሰዎች ወደ ባቢሎን ከተማረኩ በኋላ፣ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹም የተዘረፈውም ዕቃ ይመለሳሉ ብሎ ያውጃል። ኤርምያስ በዚያን ጊዜ ለባቢሎን የመገዛትን ምልክት፣ ቀንበር፣ በአንገቱ አድርጓል። ተራ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ኤርምያስን ነጐድጓድ ያደርገው ነበር። የመጽሐፉ ኤርምያስ ግን መጀመሪያ የሚለው አሜን ነው። የተቀናቃኙ ቃል እንዲፈጸም፣ የራሱ እንዲቀር ይመኛል! ይህን ሽሙጥ ነው ብሎ የሚያነበው ሰው አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሲሰብረው ኤርምያስ አንዲት ቃል ሳይመልስ መንገዱን ይሄዳል። የሚያሾፍ ሰው እንዲህ አይሄድም። ተመልሶ የሚናገረው ቆይቶ፣ ቃል ከመጣለት በኋላ ነው።

የመጽሐፉ ምዕራፎች የዘመን ቅደም ተከተል አይጠብቁም። ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እውነቱን ለመናገር ያደክማል። ይሁንና ከምዕራፍ 37 እስከ 40 ያለው ትረካ እንደ ጥሩ ቲያትር የተሳሰረ ነው። ከበባው ላላ ባለ ጊዜ ኤርምያስ ወደ ብንያም አገር ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተይዞ፣ ወደ ጠላት ልትኮበልል ነው ተብሎ ይደበደባል፣ ይታሰራል። ኋላም ጭቃ ያለበት ጕድጓድ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ የሚያወጣው ከአገሩ መኳንንት አንዱ እንኳ አይደለም፤ አቤሜሌክ የተባለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው። ገመዱ ብብቱን እንዳይጐዳው አሮጌ ጨርቅ ጭምር ያወርድለታል። (በግዕዙ ተረፈ ባሮክ ይኸው አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ የያዘው በለስ እንደ ትኩስ ቆይቶ ያገኘዋል፤ ደግነቱ በትውፊትም አልተረሳም።)

ከተማይቱ ከወደቀች በኋላ የባቢሎን አዛዥ ናቡዘረዳን የነቢዩን ሰንሰለት ፈትቶ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ወደ ባቢሎን ቢመጣ በደኅና ይይዘዋል፣ ካልፈለገም ይቅር። ለኮብላይ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ኤርምያስ ግን በምጽጳ በአገሩ ከቀሩት ድኾች ጋር መኖርን ይመርጣል። ደራሲው ሐተታ አይጨምርም። በምዕራፍ 37 በአፍ የቀረበው ክስ በምዕራፍ 40 በእግር ተመለሰ። በከበባው መካከል፣ እሱ ራሱ ታስሮ ሳለ፣ 17 ሰቅል ብር መዝኖ የዓናቶትን እርሻ መግዛቱም (ምዕራፍ 32) ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከተማይቱ ትወድቃለች የሚል ሰው መሬት ይገዛል!

ሂስ ግን ውዳሴ ብቻ መሆን የለበትም። በምዕራፍ 18 መጨረሻ ኤርምያስ ሊገድሉት በዶለቱት ሰዎች ልጆች ላይ ሳይቀር ረኃብና ሰይፍ እንዲመጣ ይጸልያል። ይህን አለሳልሶ ማለፍ መጽሐፉን መዋሸት ነው። ለጠላት መጸለይን የተማረ ክርስቲያንም እንደ አርአያ ሊወስደው አይችልም። ታዲያ አሰባሳቢዎቹ ለምን አልሰረዙትም? ምስክሩ መልአክ አለመሆኑን እንድናይ ይመስለኛል። ተቈጥቷል፣ ረግሟል፤ የረገመውን ሕዝብ ግን ጥሎ አልሄደም።

ከዮናስ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዮናስ ነነዌ ምን እንደምትሆን ለማየት ከከተማው ውጭ ዳስ ሠርቶ ይቀመጣል፤ በመትረፏም ይከፋል። ወንጌል ከሁለቱ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። በማቴዎስ 16 አንዳንዶች ኢየሱስን ኤርምያስ ነው ይሉት እንደ ነበር ተጽፏል፤ በሉቃስ 19 ደግሞ የኢየሩሳሌምን መፍረስ ሲናገር እያለቀሰ ነው።

አገር ሲቸገር «የእግዚአብሔር ቅጣት ነው» ብሎ እጅን መታጠብ ቀላል ነው። እኛም በዚህች መጽሔት የምንጽፈው ሁሉ ሕዝብን መገሠጽ እንወዳለን፤ ክፋት የለውም፣ መገሠጽ ያለበት ነገር ሞልቷል። ግን ጓደኞቼ፣ የሚቀጥለውን የተግሣጽ ግጥም ከማውጣታችን በፊት እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የጻፍነው መዓት ሳይደርስ ቢቀር ደስ ይለናል ወይስ እናፍራለን? ከቤት አመታቱ ይልቅ የግጥሙን ዋጋ የሚወስነው ለዚህ የምንሰጠው መልስ ነው።