645 ትርጉም? የ«ራን» ዝና ሲመረመር

ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ሀብት የሚጽፉ ሰዎች አንድ ቁጥር መጥቀስ ይወዳሉ፦ «ራን» የተባለው ግሥ 645 ትርጉም አለው። ቁጥሩ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። ከኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ወራት የለፋበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የክለሳ ውጤት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እኔን የሚያሳስበኝ ሙገሳው ነው። በዚያው ዓመት ደራሲው ሳይመን ዊንቸስተር በኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቀድሞ መሪ የነበረው ረጋ ያለው «ሰት» (አስቀመጠ) ቦታውን ለሚከንፈው «ራን» መልቀቁን የዘመናችን ጥድፊያ ምልክት አድርጎ አየው። ሐሳቡ ያምራል፤ ማስረጃው ግን ልል ነው።

«ሰት» ክብረ ወሰኑን የያዘው በ1989 በወጣው ባለ20 ቅጽ እትም ነው፤ ግሡ ብቻውን 430 ትርጉም፣ ከሐረጎቹ ጋር 580 ገደማ ተቆጥሮለት ነበር። ያ እትም በአብዛኛው በ1928 የተጠናቀቀውን የመጀመሪያ እትም ከኋላ ከወጡት ተጨማሪ ቅጾች ጋር ያዋሐደ ነው። አዲሱ ክለሳ ደግሞ ሥራውን የጀመረው ከ«ኤም» ፊደል ነበር። በዚህም የተነሣ በ2000 «ሜክ»፣ በ2007 «ፑት»፣ በ2011 «ራን» ተከታትለው ክብረ ወሰኑን ሰበሩ። ኤም፣ ፒ፣ አር። ይህ የፊደል ተራ ነው፤ የዘመን መንፈስ የሚነበብበት ነገር አይደለም። «ኤስ» በዚያን ጊዜ ገና ወረፋ እየጠበቀ ነበር። ያልተነሣ ሯጭ ተሸነፈ ተብሎ የሚፈረድበት ውድድር የት አለ?

ግሡ ራሱ ከቁጥሩ ይልቅ ያስገርማል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» የሚል መልክ ነበረው፤ «ር» ቦታዋን ለቃ ከአናባቢው ኋላ ስትዞር ደግሞ «ኢርናን» የሚለው መልክ በረታ። በኋላ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰፋሪዎች ዘመድ ግሦቻቸውን ይዘው ደረሱና «ር» ወደ ጥንት ቦታዋ እንድትመለስ አገዙ። ባለቅኔው ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው «ሬነ» ብሎ ነው። ዛሬ የምንሰማው አናባቢ ከኃላፊ ጊዜ ቅርጾቹ ተሻግሮ የአሁኑን ጊዜ የወረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ ተማሪ ቤት «ራን ማለት ሮጠ» ተብለን ስላደግን፣ ይኸው ግሥ ለወንዝ፣ ለሚንጠባጠብ አፍንጫ፣ በእጥበት ለሚለቅ ቀለም ሲነገር ዘይቤያዊ አነጋገር ይመስለናል። ዘመዶቹ ግን ሌላ ይመሰክራሉ። በጀርመንኛ «ሪነን» ፈሰሰ ማለት ነው፤ ሮጠ ለማለት «ሬነን» አለ። በጥንታዊው እንግሊዝኛም ግሡ ለሰውም ለውኃም ያገለግል ነበር። ስለዚህ ወንዙ ከሯጩ የተዋሰው ነገር የለም፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ እኩል ባለርስት ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የ645ቱ ምሥጢር በከፊል ያለው እዚህ ነውና። ፈረሱ ሮጠ፤ ጌታው ፈረሱን አስሮጠ። ውኃው ፈሰሰ፤ ልጁ ውኃውን አፈሰሰ። አማርኛ የራሱን ድርጊትና ሌላውን ማስደረጉን በግሡ ግንባር ላይ ባለች አንዲት ቅጥያ ይለያል። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ለ«አስሮጠ» «ኤርናን» የሚል ለብቻው የቆመ ግሥ ነበረው። ከጊዜ ብዛት ሁለቱ ተዋሐዱና አንዱ ቃል ሮጠንም አስሮጠንም ተሸከመ። የኦክስፎርድ አዘጋጆችም ግሡን ተሳቢ የማይፈልግና ተሳቢ የሚፈልግ ብለው ለሁለት ከፍለው ይዘረዝሩታል፤ ፈረሱ መሮጡ በአንድ ወገን፣ መጋለቡ በሌላው። አሠራሩ ለእንግሊዝኛ ተገቢ ነው። ድምሩን አንሥቶ «የትርጉም ብልጽግና» ማለት ግን የሰዋስውን ኪሳራ በትርፍ መዝገብ ማስፈር ነው። አማርኛም ቅጥያዎቹን ሁሉ አጥቶ ቢሆን ኖሮ ግሦቹ በአንድ ጀንበር «ባለጸጋ» በሆኑ ነበር።

ዊንቸስተር ጨርሶ ስቷል አልልም። ማሽንና ባቡር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግሡን ግዛት በእርግጥ አስፍተውታል፤ ሞተር ማንቀሳቀስ፣ ፋብሪካ ማስተዳደር፣ አገር መምራት ሳይቀር በእሱ ይነገራል። አሜሪካዊ ለምርጫ በ«ራን» ሲወዳደር እንግሊዛዊ በ«ስታንድ» (ቆመ) መወዳደሩም ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የሚመች ምሳሌ ነበር። እንዲህ ያለውን አንድ በአንድ መከታተል ሲቻል ድምር ላይ መንጠልጠል ለምን አስፈለገ?

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 መዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ «ራን»ን ከነ«ሰት» እና ከነ«ሜክ» ጋር ጠቅሶ፣ እነዚህ ግሦች መጨበጫ የላቸውም፣ ቋንቋው በሕይወት እስካለ ድረስ በመዝገብ ተይዘው አይቆሙም ሲል አማሯል። ያ ምሬት ከዛሬው የቁጥር ፉከራ ይልቅ ስለ ግሡ ብዙ ያስተምራል።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን መንገድ ያሳየው ቮልፍ ሌስላው ነው። በ1973 በቪስባደን የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላቱ፣ ከስሙ ጀምሮ፣ ቃል ያለ ዐውድ አይፈታም ብሎ የተነሣ ነው፤ ለእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አማርኛውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። እንዲህ ያለ ሥራ ጠንካራ ጆሮ ይጠይቃል፤ ሌስላው ነበረው። መጽሐፉ በሊቃውንት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከየመጻሕፍት መደብሩ የሚገዛው የኪስ መዝገበ ቃላት ዛሬም ለአንድ ቃል አንድ ቃል ይሰጣል። ወንዙ፣ ፈረሱና ፋብሪካው በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቢቀርቡለት ተማሪው ፈሰሰን፣ አስሮጠንና አስተዳደረን ለይቶ ይይዝ ነበር፤ በዚያ በኪስ መጽሐፍ ግን ወንዙም ፋብሪካውም ይሮጡበታል።