«ካፖርቱ» እና መሥሪያ ቤት የሚያስተምረው ትምህርት

የሩሲያው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመው «ካፖርቱ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጐመው የድህነት ታሪክ ሆኖ ነው። አንድ ምስኪን ጸሐፊ ከጉሮሮው ቀንሶ ካፖርት ያሰፋል፤ በለበሰበት ዕለት ሌሊት ይዘረፋል፤ አቤት ቢል ሰሚ አጥቶ፣ ብርድ መትቶት ይሞታል። ይህ አተረጓጐም ስሕተት ባይኖርበትም ጐደሎ ነው። ካፖርቱን የወሰዱት ሌቦች ናቸው፤ ሰውየውን ለሞት ያበቃው ግን የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው።

ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1722 የሩሲያን መንግሥት አገልጋዮች በ14 የማዕረግ ደረጃ ደልድሏቸው ነበር። የታሪኩ ባለቤት አካኪ አካኪየቪች በ9ኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ በዓመት 400 ሩብል የሚከፈለው ገልባጭ ጸሐፊ ነው። ባልደረቦቹ ብጥስጣሽ ወረቀት በራሱ ላይ እየበተኑ በረዶ ጣለ እያሉ ይሣለቁበታል። አንድ አዲስ የተቀጠረ ወጣትም የሌሎቹን አይቶ ማፌዝ ሲጀምር፣ በሰውየው ልመና ውስጥ የወንድም ድምፅ ሰምቶ ክው ብሎ ይቀራል። ልብ እንበል፤ ይህ ወጣት ፌዙን ከቤቱ ይዞት አልመጣም። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አንባቢ ያውቀዋል።

ደራሲው ስሙን ሳይጠራ «ትልቅ ሰው» እያለ የሚያነሣው ባለሥልጣንም እንዲሁ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ደግ ነው። ግን ሹመቱን ከመያዙ ከሳምንት በፊት በመስተዋት ፊት ቆሞ ቁጣ ሲለማመድ ሰንብቷል። አካኪ ላይ ሲያንባርቅም አንዱ ዓላማው አጠገቡ ለተቀመጠው የጥንት ጓደኛው ሥልጣኑን ማሳየት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ትንሽ ነገር ነው። ካፖርቱ እንደተዘረፈ ባልደረቦቹ መዋጮ ይጀምራሉ። የተገኘው ገንዘብ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ሠራተኞቹ ቀደም ብለው ለዲሬክተሩ ሥዕልና የክፍሉ ሹም ወዳጅ ለጻፈው መጽሐፍ ከፍለዋልና። እነዚህ ሰዎች ማዋጣትን ያውቃሉ። ለማን እንደሚዋጣ የተማሩት ግን ወደ ላይ እያዩ ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ከመሥሪያ ቤት የሚጠፋው በዚህ ዓይነት እንጂ ሰዎቹ ርኅራኄ ሳይፈጥርባቸው ቀርቶ አይደለም።

ጎጎልን የምንነቅፍበት አንድ ነገር አለ። ያ ወጣት ዕድሜ ልኩን በሰው ጭካኔ እየተሳቀቀ እንደኖረ ይነግረንና ከታሪኩ ያስወጣዋል። ጸጸቱ ለአካኪ ምን ፈየደለት? መሥሪያ ቤቱ የሰውየውን ሞት የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ በማግሥቱም ሌላ ጸሐፊ በወንበሩ ተተክቷል። ባለሥልጣኑን ያስደነገጠውና ካፖርቱን የገፈፈው የሙት መንፈስ ነው፤ በሕይወት ካሉት መካከል «ተው» የሚለው አልተገኘምና። ማዘን የኃላፊነት መነሻ ነው እንጂ ኃላፊነት አይደለም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ በክፍል የሚያስነብብ መምህር «አካኪ ለምን ሞተ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ ባይወሰን መልካም ነው። «ወጣቱ በማግሥቱ ሥራ ሲገባ ምን ማድረግ ነበረበት?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪዎቹ ነገ ለሚገቡበት መሥሪያ ቤት ይዘጋጃሉ። ጥያቄው ለእኛም ነው። አዲስ የተመደበ መምህር ደካማውን ተማሪ በቅጽል ስም መጥራትን ወይም በርኅራኄ ማገዝን፣ በዘበኛው ላይ መሣቅን ወይም ማክበርን የሚማረው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከምናወራው ወሬና ከምንሥቀው ሣቅ ነው።