የፕሬዠር ስዊች መልካም ጥገና በምን ይታወቃል?

ከአምስት ኪሎ ተነሥቶ፥ ብሔራዊ ሙዚየሙንና በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተውን የምህንድስና ኮሌጅ የወረሰውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከኋላው ትቶ ወደ ራስ መኰንን ድልድይና ወደ ፒያሳ ለሚያቀና መንገደኛ፥ በየሕንፃው አናት ተሰልፈው የሚታዩት የሮቶ ታንከሮች ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ሕዝብ ለነገ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ይመሰክሩለታል። በእነዚህ ሰፈሮች በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች፥ ክሊኒኮችና ካፌዎች ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው፥ ውኃን በብርቱ ግፊት በረቂቅ ሜምብሬን አሳልፎ ጨውንና ማዕድንን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ማጣሪያ እየተለመደ መጥቷል፤ ሰውም የመሣሪያውን ደግነት በውኃው ጣዕምና በሜምብሬኑ ዋጋ ይመዝናል እንጂ፥ ከፓምፑ በፊትና በኋላ ስለ ተተከሉት ሁለት ትንንሽ ፕሬዠር ስዊቾች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጠጋኝ ሙያ ተመርምሮ የሚለየው ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፊልተር መለወጡን ማንም በዓይኑ ያየዋል፥ የስዊቹ ጥገና ግን መልካም ይሁን ክፉ እስከ መከራው ቀን ድረስ ተሰውሮ ይኖራልና።

ከፓምፑ በፊት ያለው ስዊች፥ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት ለሚገባው ከፍቶ ለማይገባው እንደሚዘጋ፥ በቂ ውኃ ሲመጣ ለሞተሩ መብራት ይሰጣል፥ ውኃው ሲሳሳ ይነሣዋል፤ ይህ ባይሆን ፓምፑ በደረቁ ይሽከረከርና ማኅተሙ በግለት ይቃጠላል። ከፓምፑ በኋላ ያለው ደግሞ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ሁሉን ያቆማል፤ በቤት ውስጥ በሚተከሉት ትንንሽ ማጣሪያዎች ላይ ግን ሥራው የተጣራው ውኃ ማጠራቀሚያውን ሲሞላ ፓምፑን ማሳረፍ ነው።

እንግዲህ መርማሪው አስቀድሞ የሚሻው ነገር ቢኖር፥ በስዊቹ ሁለት ጫፎች መካከል በቀጥታ የተቀጠለች ቍራጭ ሽቦ እንዳትኖር ነው። መሣሪያው እየቆመ ባስቸገረ ጊዜ ስዊቹን በሽቦ ዘልሎ ማስነሣት ባለቤቱን ለአንድ ቀን ያስደስተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፓምፑ ያለ ጠባቂ የሚኖር ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን ሥራ ጥገና ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

መልካሙ ባለሙያ የስዊቹን ክዳን ከፍቶ ሞላውን በካቻቢቴ ከማዞሩ በፊት፥ መሣሪያው እየሠራ ሳለ የመግቢያውን ቫልቭ በዝግታ፥ እጅግ በዝግታ፥ ይዘጋል፤ ዓይኑንም ከጌጁ ሳይነቅል ሞተሩ በስንት ባር ላይ እንደ ቆመ፥ ቫልቩንም መልሶ ሲከፍት በስንት ባር ላይ እንደ ተነሣ ይመዘግባል። የእነዚህ የሁለቱ ቍጥሮች ልዩነት እጅግ ከጠበበ ሞተሩ በየደቂቃው እየተነሣ እየወደቀ የኮንታክተሩን ጥርሶች ያቃጥላል፤ ከልክ በላይ ከሰፋ ደግሞ ውኃው ተመልሶ ሳለ መሣሪያው ቆሞ ይቀራል። ቫልቩን በአንድ ጊዜ ጨብጦ የሚዘጋ ሰው ስዊቹ መሥራቱን ያያል እንጂ የት ላይ እንደ ሠራ አያውቅም።

በዚህ ላይ የሀገራችን ከፍታ የሚያመጣው ነገር አለና ጥቂት ልቆይበት። አምስት ኪሎ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ስለ ሆነ፥ በባሕር ዳርቻ አንድ ባር የሚያህለው የአየር ግፊት በዚህ 0.75 ባር ገደማ ብቻ ነው። ከሩቅ ሀገር ፋብሪካ በግሊሰሪን ተሞልቶና ታሽጎ የመጣ ጌጅ የዚያን ቆላ አየር በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ በአናቱ ያለችው የላስቲክ ቡሽ ተከፍታ ውስጡ ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከል ድረስ እስከ ሩብ ባር አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። በሃያ ባር ላይ ሩብ ባር ከቍጥር የማይገባ ነገር ነው፤ አንድ ባር አካባቢ ለሚቆም ስዊች ግን የመለኪያው አራተኛ ክፍል ነው። ጌጁ ያለ ግፊት በዜሮ ላይ ማረፉን ሳይመረምር ስዊች ማስተካከል የጀመረውን ሰው፥ ገና ከመነሻው ሥራውን እጠራጠረዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር የጣሪያው ታንከር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ገደማ በኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ብልሃት ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥታቸው በቧንቧ ውኃ ሲያስመጡ፥ ኃይሉ የተገኘው ከተራራው ቁመት ብቻ ነበረ፤ ዛሬም በሕንፃ አናት የተቀመጠ ውኃ በየአሥሩ ሜትር ቁመት አንድ ባር ገደማ ይሰጣል። ማጣሪያው በላይኛው ፎቅ፥ ከታንከሩ ሥር በሦስት ሜትር ላይ ከተተከለ፥ ወደ ፓምፑ የሚደርሰው ቧንቧውና ፊልተሩ የሚወስዱት ሳይቀነስ 0.3 ባር ነው፤ ስዊቹም በአንድ ባር ላይ ከተሞላ ያ ፓምፕ ከቶ አይነሣም። ከዚህ የሚመጣው ጭንቀት ነው አያሌ ጠጋኞችን ወደዚያች ቍራጭ ሽቦ የሚወስዳቸው። አስተዋዩ ግን ቁመቱን ለክቶ፥ ወይ ማጣሪያውን ወደ ምድር ቤት ያወርዳል፥ ወይ አነስተኛ መግፊያ ፓምፕ ይጨምራል፥ ወይም ፓምፑ የሚታገሠውን ያህል ዝቅ ብሎ የሚሠራ ሌላ ስዊች ይመርጣል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ግፊቱን ወደ ስዊቹ የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ ተፈትታ ታጥባ መሆን አለባት፤ በደለል የተደፈነች እንደ ሆነ ስዊቹ የትናንቱን ግፊት የዛሬ አድርጎ ይይዛልና። የክዳኑ ውስጥ ደረቅ ይሁን፤ ርጥበት ከታየ ግፊቱን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፥ ዲያፍራሙ፥ ሳይቀደድ አልቀረም፥ ይህም ተለውጦ እንጂ ተጠግኖ አይድንም። ሽቦው ከስዊቹ ቢነቀል መሣሪያው መቆም አለበት፤ ተነቅሎም የሚሠራ ከሆነ አገናኙ ስቷል። ከቤት ውስጦቹ ትንንሽ ማጣሪያዎች በቀር፥ የከፍተኛው ግፊት ስዊች ከቆመ በኋላ ሰው መጥቶ በእጁ ካልመለሰው በቀር በራሱ የማይነሣ ዐይነት ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሚቆምበትም ግፊት ከሥራው ግፊት ጥቂት የበለጠ፥ ሜምብሬኑን ለያዘው ቤት ከተፈቀደው ወሰን ግን ያነሰ ይሁን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለካፌ የበዛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የኵላሊት እጥበት በሚሰጥበት ክፍል አንድ በሽተኛ በአራት ሰዓት ውስጥ 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ያለ ምክንያት የሚቆም ስዊችና መቆም ሲገባው የማይቆም ስዊች ጉዳታቸው እኩል ነው።

ጠጋኙ ሥራውን ሲፈጽም ከመሣሪያው ጎን በተንጠለጠለችው ካርድ ላይ የቆመበትንና የተነሣበትን ግፊት ከነዕለቱ ይጽፋል። ካርዷን ስታነብ ቍጥሮቹ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ቢሉ አትደንግጥ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተጓዙ ከሄዱ ሞላው እየደከመ ወይም ቱቦዋ እየተደፈነች ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ያለ አንዲት ነጥብ ልዩነት ተመሳሳይ ቍጥር የተጻፈባት ካርድ ካጋጠመችህ ግን፥ ጠጋኙን በትሕትና ጠርተህ ቫልቩን ፊትህ ይዘጋልህ ዘንድ ለምነው።