ስም የተነፈገው ፊት
ስለ ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ፎቶግራፎች የቀረበ ትችት

በደንቢያም ሆነ በሌላው አገራችን ሰው ሲሞት በለቅሶው ዕለት ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወርዶ ይወጣል። አልቃሹ ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ይዞ፥ የሟቹን ስም ከነአባቱ እየጠራ፥ ሙያውንና ደግነቱን ይዘረዝራል። በዚህ ልማድ ፊትና ስም አይለያዩም፤ ስም የማይጠራለት ሥዕል ለለቀስተኛው ተራ ወረቀት ነው። ይህን ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የረሀባችንን ፊት ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ የሆነውን የብራዚሉን ፎቶግራፍ አንሺ የሰባስቲያዎ ሳልጋዶን ሥራ ለመመርመር፥ ከቆላ ድባ የለቅሶ ድንኳን የተሻለ መመዘኛ ስላላገኘሁ ነው።

ሳልጋዶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 በብራዚል ተወለደ (ከዚህ በኋላም ዓመታቱን በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። የተማረው የኢኮኖሚ ትምህርት ነበር። በአገሩ የወታደሮች መንግሥት ስለ በረታ በ1969 ወደ ፓሪስ ተሰደደ፤ ቀጥሎም ሎንዶን በሚገኘው በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ወደ አፍሪቃ ይመላለስ ጀመር። በጉዞው የባለቤቱን የሌሊያን ካሜራ ይዞ ነበርና፥ ከሚያዘጋጀው የሒሳብ ሪፖርት ይልቅ ሥዕሉ እየማረከው ሄዶ፥ በ1973 ሥራውን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ፥ ማለትም እስከ ግንቦት 2025 ድረስ፥ ሲዞር ኖረ።

በ1986 ያሳተመው «ሌሎች አሜሪካዎች» የተባለው መጽሐፉ በላቲን አሜሪካ ገጠሮች ለሰባት ዓመት ያህል የሰበሰበው ነው። በዚያ ውስጥ መጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው ይታያሉ፤ ሜክሲኮዎች የሙታንን ቀን ሲያከብሩ፥ ገበሬዎች ሙታናቸውን ሲቀብሩ ይታያሉ። በዓሉና ኀዘኑ፥ ሥራውና ዕረፍቱ በአንድነት ስለ ቀረቡ፥ ተመልካቹ የሰዎቹን ኑሮ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። የገና ጨዋታንና የጥምቀትን ሆታ የሚያውቅ የጎንደር ሰው በነዚህ ሥዕሎች ፊት እንግዳነት አይሰማውም።

የእኛ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። በ1984 እና በ1985 ሳልጋዶ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሚባለው የፈረንሳይ ማኅበር ጋር ሆኖ በማሊ፥ በቻድ፥ በሱዳንና በኢትዮጵያ ረሀቡን አነሣ። እኛ ሰባ ሰባት የምንለው ዘመን ነው። በኮረም መጠለያ ስደተኞቹ በማለዳው ጭጋግ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የታዩበት ሥዕል ከሁሉ የታወቀው ነው። ብርሃኑ ለስላሳ፥ የሰዎቹ አቋቋም ቀጥ ያለ ነው፤ አንዳቸውም ለምጽዋት እጃቸውን አልዘረጉም። እውነተኛ ችሎታው እዚህ ላይ ይገለጣል፤ የተራበውን ሰው አሳየ እንጂ አላዋረደም።

ይሁን እንጂ ሁለት ብርቱ ወቀሳዎች ተነሥተውበታል። አንደኛውን ኢንግሪድ ሲሺ የተባለች ሐያሲ በ1991 «ኒው ዮርከር» በተሰኘው መጽሔት አቀረበች፤ ሳልጋዶ መከራን ስላሳመረው ተመልካቹ በውበቱ ተደስቶ ይሄዳል የሚል ነው። ይህን እኔ አልቀበልም። የእኛ አልቃሽ ሙሾዋን በቤትና በዜማ አሳምራ የምትደረድረው ለቀስተኛውን ለማስደሰት አይደለም፤ ያላማረ ሙሾ እንባ ስለማያመጣ ነው። በገናውም እንደዚሁ ነው። ኀዘን ቅርጽ ሲያገኝ ለሟች ክብር፥ ለቋሚ መጽናኛ ይሆናል። ስለዚህ ውበቱን እንደ በደል መቁጠር የጥበብን ጥቅም መዘንጋት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ወቀሳ ግን ይጸናል። ሱዛን ሶንታግ ስለ ሌሎች ሰዎች ሥቃይ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በሳልጋዶ ሥዕሎች ግርጌ የሰዎቹ ስም እንደማይገኝ አስታወሰች፤ ዝነኞችን ብቻ በስም እየጠሩ ሌላውን የሙያው ወይም የመከራው ምሳሌ ማድረግ ጉዳት እንዳለው አስረዳች። በእርግጥም በኮረሙ ሥዕል ግርጌ የቦታው ስምና ዓመተ ምሕረቱ አሉ፤ ሰውየው ግን የለም። ፊቱ ዓለምን ዞረ፤ ስሙ ኮረም ቀረ።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ሥዕል ብንመረምር አይከፋም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙን መጻፍ የቆየ ደንባቸው ነው። በጣና ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል፤ ሥዕል ያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ እየተሣለ ስሙ እንዲጻፍለት ያደርግ ነበር። ነገር ግን በላዔ ሰብእ ጥርኝ ውኃ ያጠጣው፥ በዚያች ውኃ ምክንያት ነፍስ የዳነችበት ለምጻም ስም የለውም። እንግዲህ ድኻን ያለ ስም መሣል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። ቢሆንም የጥንቱ ሠዓሊ ለምጻሙን በዓይኑ አላየውም፤ ባለ ካሜራው ግን ከሰውየው ፊት ቆሟልና፥ አስተርጓሚ ጠይቆ ስሙን ቢመዘግብ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነበር።

ሳልጋዶ በ2008 ወደ አገራችን ተመልሶ ከላሊበላ እስከ ሰሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። ስምንት ዓመት ለደከመበትና በ2013 ላሳተመው «ዘፍጥረት» ለተሰኘው መጽሐፉ ነበር። በመኪና መስኮት አይቶ ከሚያልፈው መንገደኛ በእጅጉ እንደሚለይ መመስከር ይገባል፤ በእግሩ የሄደ ሰው አገሩን በድካሙ ያውቀዋልና። ነገር ግን የመጽሐፉ አሳብ ዓለም እንደ ተፈጠረች የቆየችበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሰሜን እንዲህ ነውን? በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ገበሬ ለብዙ ዘመናት ገብስ ሲያርስ ኖሯል። ፓርኩ በ1969 ተመሠረተ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2016 ደግሞ ለዱር አራዊቱ ደኅንነት ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተው በሌላ ስፍራ ሰፈሩ። ተራራው ሰው እንዳልነካው ሆኖ በተደነቀ ቁጥር የእነዚህ ሰዎች እርሻና ታሪክ ይሸፈናል።

እንግዲህ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው፥ በአንድ በኩል ረሀብ፥ በሌላው በኩል ግርማ ያለው ተራራ ይታያል፤ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ኑሮ ጎድሏል። የጎደለው የደንቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ፥ የቆላ ድባ የገበያ ቀን፥ በፋሲለደስ መዋኛ ታቦት ሲያድር የሚሰማው እልልታ፥ ደብተሩን ይዞ የሚሮጠው ተማሪ ነው። ለላቲን አሜሪካ የሰጠውን ምሉዕነት ለእኛ አልሰጠንም። ይህን ስል ግን ዕዳውን ሁሉ በእንግዳ ላይ መጫን ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። ዛሬ ከመምህሩና ከተማሪው ኪስ ካሜራ ያለው ስልክ አይጠፋም፤ ነገር ግን በየበዓሉ ከምናነሣው ሥዕል ስንቱ ላይ የሰውየውን ስም፥ ቀበሌውንና ቀኑን ጽፈናል?

በኮረም በተነሣ ጊዜ አምስት ዓመት የነበረ ሕፃን በሕይወት ካለ ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ጎልማሳ ነው። መጽሐፉን ገልጦ የገዛ ፊቱን ቢያይ፥ ያ ሕፃን እርሱ መሆኑን የሚመሰክርለት አንዲት ቃል እንኳ ከግርጌው አያገኝም። እናቱም ከጎኑ ብትኖር፥ ልጆቹን ጠርቶ «አያታችሁ ይህች ናት» ለማለት ከራሱ ትዝታ በቀር ማስረጃ የለውም። የሳልጋዶ ሥዕሎች ታላቅ መሆናቸውን ሳንክድ፥ ይህን አንድ ጉድለት ለተማሪዎቻችን እናስተምር፤ ፊት ያነሣ ሰው ስምም ይጠይቅ።