ከኋላ የሚነበብ ጽሑፍ፦ የኮፍያ ጀርባ ጥልፍ በደብረ ሲና መንገድ

ሥነ ጽሑፍ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን በወረቀት የታተመ፣ ደራሲው የታወቀና ርዝመት ያለው ሥራ ነው። ሥነ ቃል ሲባል ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ቃል ግጥም ይታወሰናል። በሁለቱ መካከል ግን ተጽፎ ያልታተመ፣ ተነቦ መጽሐፍ ያልሆነ፣ ደራሲው ሳይታወቅ ባለቤቱ በዓይን የሚታይ ጽሑፍ አለ። በጭነት መኪና ግንባር፣ በሱቅ በርና በልብስ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ መካከል ትንሹን፣ በስፌት መኪና በኮፍያ ጀርባ የሚጠለፈውን ቃል ይመለከታል። ዓላማው ቃሉ በሥነ ጽሑፍ መመዘኛ ሊመዘን ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ማንሳትና ጥቂት ማሳያዎችን መፈተሽ ነው።

ለዚህ ደብረ ሲና መነሻ መሆኗ ያለምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጣርማ በር ዋሻ ታልፎ ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ የመንገደኛ ማረፊያ ናት። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ኮፍያ ጆሮ ድረስ የሚሳበው ለብርድ ነው፤ ጠመዝማዛው ቁልቁለት አልቆ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ያው ኮፍያ የይፋት ቆላን ፀሐይ መከላከያ ይሆናል። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር ከዚያም በላይ በሚለዋወጥበት በዚህ አጭር መንገድ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ነጋዴውና ተማሪው ከራሳቸው የማያወርዱት አንድ ልብስ ቢኖር ኮፍያ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ ቃል በጽላት ላይ የተቀረጸበትን ተራራ የሚያስታውስ ነውና ስለ ፊደልና ስለ ገበታው ለመነጋገር የማይመች ቦታ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው። ባህላዊ ልብሳችን ሁለት ዓይነት ጌጥ ያውቃል። ጥበብ ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ አብሮ የሚያስገባው ነው፤ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚታከል ነው። «ጠለፈ» የሚለው ግስ መርፌና ክርን ብቻ አይመለከትም፤ የሰው እግር መጥለፍም፣ ሙሽራ መጥለፍም አለ። በሦስቱም ፍቺዎች ውስጥ ያለው የጋራ ሐሳብ አንድን ነገር ሳይዘጋጅ ከመንገዱ ይዞ ማስቀረት ነው። የኮፍያ ጥልፍም ሥራው ይኸው ነው፤ ለማንበብ ያልተዘጋጀውን መንገደኛ ዓይን ይጠልፋል። መጽሐፍ አንባቢውን ይጠብቃል፤ የኮፍያው ቃል ግን ያልጠበቀውን አንባቢ ይይዛል።

አሁን ወደ ቅርጹ እንለፍ። ኮፍያው በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ስም የሚጠራው ዓይነት ሲሆን፣ ከኋላው የማጥበቂያ ቀዳዳ ስላለው ለጽሑፍ የሚተርፈው ከቀዳዳው በላይ ያለው ቀስት መሳይ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን ለክር አስቸጋሪ ነው። የፊደላችን ወፍራምና ቀጭን መስመር የመቃ ብዕር በብራና ላይ ያወረሰው ነው፤ መዝሙረ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም በግዕዝ ሲታተምም ፊደሉ የብራናውን መልክ ይዞ ነበር ወደ ማተሚያ የገባው። ክር ግን ከተወሰነ ውፍረት በታች አይቀጥንም። የ«ዕ» ክብ ሲያንስ ይደፈናል። የ«ሉ» ቅጥያ ከእግሩ መካከል፣ የ«ሊ» ከእግሩ ጫፍ የሚወጣ ስለሆነ መርፌው ጥቂት ዝቅ ቢል ካዕቡ ሣልስ ይሆናል፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ጨርቁን ወጥሮ በእጁ እያዞረ የሚጠልፍ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ቅጥያውን ከልኩ በላይ ያጎላዋል። ስለዚህ የኮፍያው ፊደል ከመጽሐፉ ፊደል የሚለየው በስሕተት ሳይሆን በአሠራር ነው።

የአሠራሩ ጫና ግን መልክ ላይ አያበቃም፤ የሆሄ አጠቃቀምንም ይነካል። ባለሦስት እግሩ «ሠ» ከባለሁለት እግሩ «ሰ» የበለጠ ክር፣ ጊዜና ቦታ ይጠይቃል። በመሆኑም ጠላፊው ቀላሉን ቢመርጥ አያስደንቅም። በግዕዙ ሥርዓት ግን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው። ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር በምሁራን ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲንከባለል ቆይቷል፤ በስፌት መኪናው ፊት ግን ማንም ሳይከራከር በክር ቁጠባ ሊወሰን ይችላል። ሠዓሊ የሆነ ሰው ሙያውን ከጀርባው አስጠልፎ ለማኝ ሆኖ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ይህ ለቀልድ የተነገረ አይደለም። ስሙን በክር የሚያስጽፍ ሰው ለብዙ ዓመት የሚለብሰውን ነገር ስለሚያሠራ፣ የሆሄው ጉዳይ ከማንም በላይ የእሱ ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል ቋንቋችን ለዚህ ጠባብ ቦታ የተለየ ስጦታ አለው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ይሸከማል። «አልረሳሽም» 6 ፊደል ብቻ ነው፤ ይኸው ሐሳብ በእንግሊዝኛ 5 ቃልና 17 ፊደል ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ የማትረሳዋ ሴት መሆኗን አይናገርም። ይህን የማመቅ ችሎታ አባቶቻችን በፈረስ ስም ውስጥ በሚገባ ተጠቅመውበታል። አባ ታጠቅ (ዐፄ ቴዎድሮስ)፣ አባ በዝብዝ (ዐፄ ዮሐንስ)፣ አባ ዳኘው (ዐፄ ምኒልክ)፣ አባ ነፍሶ (ደጃዝማች ባልቻ) የሚሉትን ልብ ይሏል። «ዳኘው» ሦስት ፊደል ሆኖ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሰው ከወላጆቹ ባላገኘው፣ ለራሱ በተሰጠ ስም በአደባባይ መታወቁ አዲስ ልማድ አይደለም። የኮፍያው ጥልፍ ከፈረስ ስም ይወለዳል ብሎ ለመደምደም ማስረጃ የለንም፤ በቅርጽ ረገድ ግን ዘመድ ናቸው።

የዘውጉ ዋና ባሕርይ ግን በቦታው ላይ ነው። የኮፍያ ግንባር አብዛኛውን ጊዜ የድርጅት፣ የቡድን ወይም የበዓል ነው፤ ጀርባው ግን የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የራሱን ቃል ለብሶ ሊያነበው አይችልም። አንባቢው በአውቶቡስ ከኋላው የተቀመጠው፣ በሰልፍ የተከተለው፣ በቀብር ከኋላው የሚሄደው ሰው ነው። «ኋላ» በአማርኛ የቦታም የጊዜም ቃል መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ከኋላ የተጻፈ ቃል ኋላ የሚገባ ቃል ነው።

ሦስት ማሳያዎች እንውሰድ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ያልፋል» ብሎ ቢያስጠልፍ ሰሙ ቀዳሚውን ቀድሞ ማለፉ ነው፤ ወርቁ የመከራ ማለፍ ነው። ቃሉ የሁላችንም ስለሆነ ደራሲ የለውም፤ ቅኔ ያደረገው የተሰፋበት ራስ ነው። በጣርማ በር ቁልቁለት የጭነት መኪና ሹፌር «ቀስ በቀስ» ቢል ደግሞ ምሳሌውን በግማሽ ቆርጦ ነው፤ እንቁላሉን በእግሩ የሚያስኬደው አንባቢው ነው። ቀሪውን ተደራሲው እንዲሞላ መተው ታላላቅ ገጣሚዎች የሚጠቀሙበት ስልት ነው። ሦስተኛው «አልረሳሽም» ነው። አንባቢው ከኋላ ያለ ማንኛውም ሰው ሲሆን፣ «ሽ» የተባለችው ግን እዚያ የለችም። ያረፈች እናት ትሁን፣ ዐረብ አገር የሄደች እህት፣ ወይም ያገባች እጮኛ አናውቅም። አንባቢው ለእሱ ያልተላከ ደብዳቤ ያነበበ ያህል ይሰማዋል። በእኔ ግምት ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለማያስረዳ።

ደካማ ሥራዎችም ሞልተዋል። ፍቅርን፣ አገርንና ሃይማኖትን ያለ ምንም ግስ እየደረደሩ የሚያስጠልፉ አሉ፤ ስም ብቻ ተደርድሮ ሐሳብ አይሆንም። የኒውዮርክ የቤዝቦል ቡድን ምልክት የሆኑትን ሁለት የላቲን ፊደላት ቡድኑን ሳያውቅ የሚለብሰው ወጣትም የሰው ቃል ይዞ ይዞራል። ይሁን እንጂ በዚህ ወጣቱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ለራሱ ፊደል የተዘጋጀ አማራጭ ሲያጣ ያገኘውን ይለብሳል።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያደርሰናል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር መጻፍ ቀላል ሆኗል። የኮምፒዩተር ጥልፍ ግን በስክሪን ላይ የሚታይ ፊደል ብቻ አይበቃውም፤ እያንዳንዱ መስመር ወደ መርፌ ምት መለወጥ አለበት። ለወረቀት የተሳለው ፊደል ያለ እርማት ወደ ክር ሲለወጥ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፤ ክቡም ይደፈናል። በእጁ እያዞረ ሲጠልፍ የ«ሉ»ን ቅጥያ ያጎላ የነበረው ባለሙያ ያንን ዕውቀት በጽሑፍ አልተወልንም። መኪናው ሲለወጥ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው።

የኮፍያ ጥልፍ ታላቅ ሥነ ጽሑፍ ነው አላልንም። ነገር ግን ዐውድ፣ ተደራሲ፣ ቅርጽና ሰምና ወርቅ ያለው ጽሑፍ ስለሆነ የሒስ ዓይን ይገባዋል። ምሳሌያዊ አነጋገርን በደብተር የሚሰበስብ ተማሪ ለመስክ ሥራ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የኮፍያውንም ቃል ከነሆሄው፣ ከተሰፋበት ቦታና ከባለቤቱ ሥራ ጋር ቢመዘግብ መልካም ነው። ኮፍያ ፀሐይ ያነጣዋል፣ ላብ ይበላዋል፤ እንደ ብራና የሚያስቀምጠው ቤተ መጻሕፍትም የለውም። ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ ካላነበብነው ኋላ አናገኘውም።