ችግር መፍታትን ማስተማር፦ ከመተማ የሰሊጥ እርሻ አንጻር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታትን ችሎታ ማዳበርን ከዋና ዓላማዎቹ ጋር አስፍሮ ነበር። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በሒሳብ መጻሕፍት «ችግር» እየተባለ የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊው አኃዝ ሁሉ አስቀድሞ የተሰጠበት ስለሆነ ለተማሪው የሚቀረው ማስላት ብቻ ነው።

የመተማ ገበሬ የሚገጥመው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ሰሊጡ ቀድሞ ቢታጨድ ዘሩ አይሞላም፤ ቢዘገይ ደግሞ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ተሰንጥቆ ምርቱ ይረግፋል። ስለዚህ ስንት የቀን ሠራተኛ ለስንት ቀን እንደሚያስፈልገው ከመወሰኑ በፊት የትኛውን መረጃ መሰብሰብ እንዳለበት ራሱ መለየት አለበት። ተማሪው በክፍል ሊለማመደው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን በገለጻ ብቻ የሠለጠነ መምህር ያልተለማመደውን ሊያለማምድ አይችልም። ስለሆነም ማሻሻያው ከመምህራን ማሠልጠኛው ሊጀምር ይገባል፤ እጩ መምህሩም መልሱ በመጽሐፍ የማይገኝ አንድ የአካባቢ ችግር ሳይመረምር ባይመረቅ ይበጃል።