ረዥም ጆሮዋ ሴትዮና የሳይንስ ክፍለ ጊዜ

ተረት ትምህርት ቤት የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ። ይነበባል፤ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ይባላል፤ «ክፉ አለመሥራትን» ተብሎ ይመለሳል፤ ደወሉ ይደወላል። ሳይንስ ደግሞ በሌላ በር ገብታ የግመል ሻኛ ሥላ ትወጣለች። ሁለቱ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ፈረንጆች እነዚህን ሁለት ባይተዋሮች የሚያገናኙበት አንድ ዘዴ አላቸው፤ ጫካ ውስጥ ብቻውን የቀረ ልጅ ታሪክ። ከታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ጌሪ ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው «ሃቼት» ነው። የ13 ዓመቱ ብራያን የሚጓዝባት ትንሽ አውሮፕላን አብራሪው በድንገት ሞቶ ካናዳ ጫካ ውስጥ ትወድቃለች። የቀረችው አንዲት ትንሽ መጥረቢያ ናት። ድንጋይ ሲመታባት ብልጭታ ያገኛል፤ እሳት አየር እንደሚፈልግ ይረዳል። ዓሣ ሲወጋ እየሳተ፣ ውኃ ብርሃንን እንደሚያጥፍ ይማራል። መምህሩ ልብ ወለዱንም ፊዚክሱንም በአንድ ጊዜ ያስተምርበታል።

ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ጅግጅጋ ወይም ቀብሪበያህ ክፍል ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ይጎረብጣል። ለብራያን ጫካው ባዕድ ነው፤ የሚድነውም ብቻውን ታግሎ፣ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ለአርብቶ አደር ልጅ ግን እኛ ከተሜዎች «በረሃ» የምንለው ራሱ ቤት ነው። እዚያ ማንም ብቻውን አይተርፍም። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ የዝናቡን፣ የሣሩንና የውኃውን ወሬ ይጠያየቃል፤ ነፍስ የሚያድነው ያ ወሬ ነው።

ታዲያ ምን እናስተምር? ዴግዴርን! በሶማሊኛ ዴግ ጆሮ፣ ዴር ረዥም ማለት ነው። ሰው በላዋ ሴትዮ የመንገደኛን ኮቴ በረዥም ጆሮዋ ከሩቅ ሰምታ ታሳድዳለች። በአንዱ አተራረክ አንዲት ባል የሞተባት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር የሐርጌጋን ሸለቆ አቋርጣ ልታመልጥ ትሮጣለች። ይህ ተረት እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። እኛ ዘንድም ቋንቋው ሰበብ አይሆንም፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ የክልሉ ሕፃናት በሶማሊኛ ይማራሉ።

አተራረኩ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። መጀመሪያ ልጁ ይፍራ! ተረቱን ገና ከመጀመሩ የሳይንስ ክኒን ማስዋጫ ማር የሚያደርግ መምህር ሁለቱንም ያበላሻል። ጥያቄው ከፍርሃቱ ይወለድ። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ማታ ማታ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማው?» ያን ጊዜ መልሱ ይጣፍጣል፤ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፋል። «እናትየው ግመል ቢኖራትስ?» ሻኛው ውኃ ሳይሆን ስብ እንደሚያከማች፣ ግመል ላብ ለመቆጠብ የሰውነቷ ሙቀት ቀን ቀን ከፍ እንዲል እንደምትፈቅድ ይነገራል።

አንዳንድ ተራኪ ዝናቡንም ሣሩንም ያጠፋችው ሴትዮዋ ናት ይላል። «ይህ ውሸት ነው» ብሎ መዝጋት ለሳይንስ መምህር ይቀልለዋል። እኔ ግን ተረቱ የሳይንስን ዋና ጥያቄ ያነሣው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ሸለቆውን ማን አራቆተው? ልጆቹን ወደ ሐርሺን ብርካዎች ይዟቸው ይሂድ። ብርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ በጂላል ድርቅ ነፍስ ያድናል። ግን ውኃ ባለበት ሰውም መንጋም ዓመቱን ሙሉ ይከርማል፤ ዙሪያውን ያለው ሣር ማረፊያ አጥቶ ያልቃል። ከሰሉ ሲጨመርበት ደግሞ ዛፉም ይከተላል።

በተረቱ ዴግዴር ስትሞት ምድሩ ሰላም ያገኛል። በሳይንሱ ግን የምትገደል ጭራቅ የለችም፤ ያዳነን ጉድጓድ ራሱ ሊጎዳን ይችላል። ይህን ልዩነት ክፍል ውስጥ ተከራክሮበት የወጣ ልጅ ሥነ ጽሑፍም ሳይንስም ተምሯል። «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከአንድ መስመር በላይ ይሆንበታል።